ሾርት ሺፍተር ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማንዋል የስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ዓይኑ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ማረፉ አይቀርም። ሞተር መነካካት ኪስ ይጎዳል። ማርሽ መቀየሪያው ግን ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው፤ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል፤ ሥራውም በብዙ መኪኖች ላይ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ሾርት ሺፍተር፣ ማለትም እጅ ማርሽ ሲቀይር የሚሄደውን ርቀት የሚያሳጥር መቀየሪያ፣ ይገዛል፣ ይገጠማል። ከዚያ አንዱ "እስካሁን ምን ነክቶኝ ነው?" ይላል። ሌላው በሳምንቱ ፈትቶት የፋብሪካውን ይመልሳል። ሁለቱም የገዙት አንድ ዓይነት ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ቦታ ያለውን ችግር ማርሽ መቀየሪያው ላይ መፈለግ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። እጅዎ ከያዘው እጀታ አንስቶ ካምቢዮው ውስጥ እስካሉት ጥርሶች ድረስ ብዙ ዕቃ አለ። ሾርት ሺፍተር የሚቀይረው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው የደከመ ከሆነ እንደደከመ ይቀጥላል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩ። ሞተሩን ያጥፉና አራተኛ ማርሽ ያስገቡ። እጀታውን በሁለት ጣት ይዘው ግራና ቀኝ ነቅነቅ ያድርጉት። እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ ከሆነ ያለቀው ቡሹ፣ ማለትም በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባው የጎማ ወይም የናይለን ማቀፊያ ነው። በማዝዳ ኤምኤክስ-5 የመጀመሪያ ትውልዶች ላይ ለምሳሌ የማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ የታችኛውን ጫፍ የምትሸፍን ትንሽ የናይለን ቆብ አለች። እሷ ስታልቅ መላው ማርሽ የላላ ይመስላል። እሷን ቀይሮ አዲስ መኪና የገዛ ያህል የሚደሰት ሰው አለ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን አንደኛና የኋላ ማርሽ እምቢ ይላሉ? እንግዲያው ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። የፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እየተፋጨ ገብቶ መኪናው ሲሞቅ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ የካምቢዮ ዘይቱን ወይም ሲንክሮናይዘሩን (ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነት የሚያስተካክለውን ቀለበት) ይጠርጥሩ። ነዳጅ ሲረግጡና ሲለቁ ማርሽ መቀየሪያው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚል ከሆነ የሞተሩና የካምቢዮው መቀመጫ ጎማዎች ደክመዋል ማለት ነው። እየነዱ ማርሽ የሚተፋ፣ ማለትም የገባው ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነማ ሾርት ሺፍተሩ ይቆይልዎት፤ መጀመሪያ መካኒክ ካምቢዮውን ይየው።

ዘይት ካነሳን አይቀር፣ እዚህም ሰው ይሳሳታል። የካምቢዮ ዘይት ጣሳ ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ይጻፋል። አምስት ከአራት ስለሚበልጥ የተሻለ ነው ብሎ የሚገዛ አለ። ጂኤል-5 የጥርሶችን ከባድ ጫና ለመቋቋም ተጨማሪ ኬሚካል ይበዛበታል። አንዳንዱ ጂኤል-5 ዘይት የነሐስ ሲንክሮናይዘር አይስማማውም። ሲንክሮናይዘር ደግሞ የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተተው ሥራውን አይሠራም። ሆንዳ የራሱን የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ያዛል፤ አንዳንድ ቢኤምደብሊው ካምቢዮ የአውቶማቲክ ዘይት ተሞልቶ ነው ከፋብሪካ የወጣው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ምን ይላል? እሱን ይግዙ። ሲቀይሩም የማፍሰሻውን ብሎን ከመፍታትዎ በፊት የመሙያው ብሎን እንደሚፈታ ያረጋግጡ። ዘይቱን ደፍቶ ከጨረሰ በኋላ የመሙያው ብሎን የተነከሰበት ሰው መኪናውን እዚያው አቁሞ ነው የሚቀረው።

እነዚህን አስተካክለው ማርሹ አሁንም ረጅም ከመሰለዎት፣ አዎ፣ ሾርት ሺፍተር ያስፈልግዎታል። አብዛኛው ሰው ግን እዚህ ድረስ ሳይደርስ ደስ ብሎት ይመለሳል ባይ ነኝ።

ባጠረ ቁጥር የሚሻል መምሰል

ማርሽ መቀየሪያ ተራ ማንሻ ነው። ከመዞሪያው ነጥብ በላይ ያለው ክንድና በታች ያለው ክንድ ርዝመት የእጅዎን ጉዞ ይወስናል። ሾርት ሺፍተር የላይኛውን ክንድ ያሳጥራል፣ ወይም የታችኛውን ያስረዝማል፣ ወይም ሁለቱንም ያደርጋል። ጉዞው ሲቀንስ ግን የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 100 ሚሊሜትር የነበረው ጉዞ 60 ከሆነ፣ እጅዎ ቀድሞ ከሚገፋው ወደ 1.7 እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ማውጣት አለበት። ነፃ ምሳ የለም።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ማርሽ ከመግባቱ በፊት ሲንክሮናይዘሩ የሁለቱን ዕቃዎች ፍጥነት እኩል ማድረግ አለበት። ለዚህ ሥራ ከሰከንድ ያነሰች ቅጽበት ትበቃዋለች፤ ግን ትፈልጋለች። ጉዞው ሲያጥር እጅ ይቸኩላል። ያቺን ቅጽበት ሳይሰጡ በጉልበት ሲያስገቡት ሲንክሮናይዘሩ ይበላል። ዕቃውን ሾርት ሺፍተሩ ሰበረው ሲባል እሰማለሁ፤ የሚሰብረው እጅ ነው።

ለመንገድ መኪና ከ20 እስከ 30 በመቶ ማሳጠር ደስ ይላል። ከ40 በመቶ በላይ የሚያሳጥሩት ለውድድር ሜዳ ጥሩ ናቸው፤ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ግን ክንድ ያደክማሉ። ደግሞም የላይኛውን ክንድ ብቻ የሚያሳጥሩት እጀታውን ዝቅ ያደርጉታል። እጅዎ ከመሪው ይርቃል። በፍጥነት መቀየር ለሚፈልግ ሰው ይሄ የተገላቢጦሽ ነው።

የመኪናውን ዓይነት ሳያውቁ መግዛት

ማርሽ መቀየሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። በኤምኤክስ-5 ላይ ዘንጉ ካምቢዮው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል። በቢኤምደብሊው ኢ36 እና ኢ46 (የ3 ሲሪየስ ሁለት ትውልዶች) ላይ ከሥር በሚሄድ ማገናኛ ዘንግ ይሠራል። በኋለኞቹ የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ትውልዶችና በፖርሽ ቦክስተር ላይ ደግሞ ሁለት ኬብሎች አሉ፤ አንዱ የፊትና የኋላውን፣ ሌላው የግራና የቀኙን እንቅስቃሴ ይወስዳል። ለአንዱ የተሠራ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። አንዳንዴ ግን ጥሩ መፍትሔ ከዚያው ከፋብሪካው ይገኛል፦ ብዙ የኢ36 ባለቤቶች የዜድ3ን (የዚያው የቢኤምደብሊው ሌላ ሞዴል) ዘንግ አስገጥመው ረክተዋል።

እጀታውም የራሱ ጣጣ አለው። እጀታው የሚጠመዘዝበት የዘንጉ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ የኤምኤክስ-5 ጥርስ 10 ሚሊሜትር (ውፍረቱ) በ1.25 (የጥርሶቹ ርቀት) ነው። የሆንዳ 10 በ1.5፤ የሱባሩና የቶዮታ በአብዛኛው 12 በ1.25። ሆንዳ ላይ የኤምኤክስ-5ን እጀታ ሲያስገቡ ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ይነክሳል። እዚያ ላይ ጉልበት የጨመረ ሰው የዘንጉን ጥርስ ይበላዋል። የቢኤምደብሊው እጀታ ደግሞ ጥርስ የለውም፤ ወደ ላይ ተስቦ ነው የሚነቀለው። ሲነቀል በድንገት ስለሆነ ፊትዎን ከላዩ ዞር ያድርጉ። ከንፈሩ ያበጠ ስንት ሰው አለ!

ከባድ የብረት እጀታ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ክብደቱ ማርሹ ሲገባ ስለሚያግዝ ለእጅ ልስላሴ ይሰጣል፤ ያ እውነት ነው። ያረጀ ካምቢዮ ግን አያድንም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ደግሞ ያቃጥላል።

ካምቢዮውን ክፍቱን ትቶ ዞር ማለት

ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ በሚቀመጥባቸው መኪኖች፣ ዘንጉ ሲወጣ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ይታያል፤ ከዘይቱ በታች ጥርሶቹ አሉ። አሁን ከቀዳዳው ዳር ቆመው በፒንሳ ትንሽ የብረት ቀለበት ሲፈቱ ያስቡ። ቀለበቷ ሞላ ስለሆነች ስትለቅ ትፈናጠራለች። ወደ ውጭ ከሄደች እሰየው። ወደ ውስጥ ከገባች ካምቢዮውን ማውረድ ሊመጣ ነው።

መፍትሔው አንድ ንጹሕ ጨርቅ ነው። ቀዳዳውን ይሸፍኑት። ጨርቁ ትልቅ ይሁን፤ ጫፉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታይ። ትንሽ ጨርቅ እዚያው ውስጥ ተረስቶ የተገጠመበት ጊዜ አለና። ከመክፈትዎ በፊትም ዙሪያውን ያለውን አሸዋና አቧራ ይጥረጉ።

ከሥር ገብቶ መሥራት የሚጠይቅ መኪና ከሆነ በክሪክ ብቻ ተነስቶ ከቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ጠንካራ መደገፊያ ያስቀምጡ፣ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ታኮ ያድርጉባቸው። የጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝም ይታገሱ።

ጎማውን ሁሉ በብረት መተካት

ፋብሪካው ጎማና ናይለን ያስገባው ስስታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ንዝረት እንዲውጡለት ነው። ቡሾቹን በሙሉ በአሉሚኒየም ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ሲቀይሩ ማርሹ ቁርጥ ያለ ስሜት ይሰጣል። ከዚያ ግን የካምቢዮው ጩኸት ሁሉ በዘንጉ በኩል ወደ ውስጥ ይመጣል። አንድ የተወሰነ የሞተር ዙር ላይ እጀታው እንደ ንብ ይጮሃል። ለውድድር መኪና ምንም አይደለም፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። እኔ ብሆን ጠንካራ ፕላስቲኩን አስገብቼ ብረቱን እተወዋለሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ጥፋት አለ፦ የመቀየሪያውን ዙሪያ ከሚሸፍነው ቆዳ ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን "ለምን ይጠቅማል" ብሎ መጣል። ሙቀቱን፣ የዘይት ሽታውን፣ የመንገዱን ውሃና ጩኸት የሚያግደው እሱ ነው። ተቀዶ ከሆነ አዲስ ይግዙ።

ማስተካከያውን መዝለል

ገጥመው ጨርሰዋል፣ ማርሹ ይገባል፣ ቆዳውን መልሰዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ያልተስተካከለ ሺፍተር ግን ማርሹን እስከ መጨረሻው ላያስገባ ይችላል። በግማሽ የገባ ማርሽ ጫና ሲመጣበት ይተፋል፤ ጥርሱም ይበላል።

ኬብል ባላቸው መኪኖች የኬብሎቹን ርዝመት እንደገና ማስተካከል የግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለፎርድ ሙስታንግ ቲ-5 ካምቢዮ የሚሠሩ ብዙ ሺፍተሮች ደግሞ ከፊትና ከኋላ መገደቢያ ብሎን አላቸው። ሥራቸው እጅ በኃይል ሲስብ ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋው ሹካ እንዳይጣመም መከላከል ነው። ሦስተኛ አስገብተው አንደኛውን ብሎን ዘንጉን እስኪነካ ያስጠጉታል፤ ትንሽ መለስ አድርገው በዳዶው ይቆልፉታል። አራተኛ አስገብተው ሌላውን እንዲሁ። በጣም ካስጠጉት ማርሹ ሳይሞላ ይቀራል። በጣም ካራቁት መገደቢያው መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

የግራና የቀኝ ርቀትም ይታይ። አንዳንድ ሾርት ሺፍተሮች የፊትና የኋላውን ጉዞ ብቻ ሳይሆን የጎኑንም ያጠብባሉ። ሁለተኛና አራተኛ ማርሽ ተቀራርበው ይቀመጣሉ። መሪው በግራ በሆነ መኪና ውስጥ ቀኝ እጅዎ ነው ማርሽ የሚቀይረው፤ ሲስቡ እጅ ወደ ሰውነት ማለት ይወዳል። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሊሉ ሲስቡ ሁለተኛ ይገባል። ሦስተኛ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 7000 ዙር ነበር እንበል። የሦስተኛ ማርሽ ሬሾ (የካምቢዮው መውጫ ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 1.4፣ የሁለተኛው 2.0 ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ሞተሩ 10000 ዙር እንዲዞር ይገደዳል። የዙር መገደቢያው ኮምፒውተር እዚህ ላይ ምንም አያደርግም፤ ነዳጅ ቢያቋርጥም ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። የአንዲት ሴኮንድ ነገር ነው፣ ሞተር ያስቀይራል።

ስለዚህ እጀታውን ጨብጠው አይያዙ። በመዳፍ ይግፉ፣ በጣቶች ይሳቡ። ኒውትራል ላይ ሲሆን መቀየሪያውን መሃል ላይ የሚመልሰው ሞላ ሥራውን ይሥራ። አዲሱ ሺፍተር ይህን ሞላ ያላላው ከሆነ ጠንከር ያለ ሞላ ያስገቡ።

በመጀመሪያው ቀን መሮጥ

ቆዳውንና ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ ያስገቡ። እያንዳንዱ ቁርጥ ብሎ መግባት አለበት። የኋላ ማርሽ መከላከያው፣ የሚጫንም ይሁን የሚነሳ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እንደ ቀድሞው እንደሚሠራ ይዩ። ከዚያ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ይድገሙት። ከዚያ ነው ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ መንዳት። ቆዳውን ከመለሱ በኋላም አንድ ጊዜ ይፈትሹ፤ ተወጥሮ የተገጠመ ቆዳ ዘንጉን እየጎተተ ማርሽ ሲያስተፋ ሊታይ ይችላል።

አሉሚኒየም ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ብሎኖች በመጽሐፉ ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ ያጥብቁ። በግምት የጠበቀ ብሎን ወይ ጥርሱን ይበላል ወይ ይላላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ክዳኑን አንድ ጊዜ ከፍተው ብሎኖቹ እንዳልላሉና ዙሪያው ዘይት እንዳላለቀሰ ይዩ።