ፓይተን አማርኛ ሲገባበት፦ የጀማሪዎች ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በእንግሊዝኛ ምሳሌዎች ያለ ችግር ሲሠራ የነበረ የፓይተን ፕሮግራም አማርኛ ሲገባበት ብዙ ጊዜ መታወክ ይጀምራል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጀማሪዎችን ደጋግመው የሚያስቸግሩ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በተለይ በዊንዶውስ ላይ የሚታይ ነው።

ችግር፦ አንዱ የአማርኛ ፋይል ሲነበብ ትርጉም የሌለው ምልክት ይወጣል፤ ሌላው ሲነበብ ደግሞ ፕሮግራሙ «ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር» ብሎ ይቆማል።

ምክንያት፦ ፋይሉ የተቀመጠው ፊደላትን ወደ ባይት ከሚለውጡት አሠራሮች (ኢንኮዲንጎች) አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል። «ኦፕን» የተባለው ትእዛዝ ግን ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው የዊንዶውስን ነባር የኮድ ገጽ (የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ይወስዳል፤ ይህም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል የሚቆጥረው 1252 ነው። ፋይሉ ውስጥ «ሰላ» ብቻ ቢኖር 6 የማይነበቡ ምልክቶች ይወጣሉ እንጂ ፕሮግራሙ አይቆምም። «ም» ሲጨመርበት ግን የዚህ ፊደል የመጨረሻ ባይት፣ ማለትም በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ባለው አቆጣጠር) 9ዲ፣ በ1252 ውስጥ ምንም ፊደል ስላልተመደበለት ንባቡ እዚያው ይቋረጣል። የ«ል» የመጨረሻ ባይትም እንዲሁ ነው። ያው ኮድ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄ፦ ፋይል በሚነበብበትም በሚጻፍበትም ጊዜ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን «ኦፕን» ውስጥ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። በኤክሴል ለሚከፈት የሲኤስቪ ፋይል በፋይሉ መጀመሪያ ላይ መለያ ምልክት የሚጨምረው ዩቲኤፍ-8-ሲግ ይሻላል። ስህተቱን በ«ኢግኖር» (ዝለል) ወይም በ«ሪፕሌስ» (ተካ) እለፈው የሚለውን የተለመደ ምክር አለመቀበል ይበጃል፤ የሚጠፋው ጽሑፉ ነውና። አንዴ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ የተቀመጠ ፊደል ከዚያ ፋይል ተመልሶ አይገኝም።

ችግር፦ በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ይህ የኮዱ ጥፋት አይደለም። ውጤቱ የሚታይበት መስኮት የሚጠቀምበት ፎንት የግዕዝ ፊደላት የሉትም፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ጽፎ በኒያላ ወይም በኢብሪማ ፎንት መክፈት በቂ ማረጋገጫ ነው።

ችግር፦ «ኢፍ» ያለበት መስመር ትክክል መስሎ እየታየ ፓይተን የሰዋስው ስህተት ነው ይላል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ኪቦርዱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳይመለስ ቀርቶ በመስመሩ መጨረሻ ላይ «:» በመሆን ፈንታ «፡» ገብቷል። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለፓይተን ግን የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱን አጥፍቶ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ነው።

ችግር፦ ፋይሉ ውስጥ ያለ ቃል ሲፈለግ አይገኝም።

ምክንያት፦ አንዱ ሰው «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያወዳድረው የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር (ለየፊደሉ በዓለም አቀፍ መስፈርት የተሰጠውን ቁጥር) እንጂ ድምፁን አይደለም።

መፍትሄ፦ ከፍለጋው በፊት የሚፈለገውንም ቃል የሚፈለግበትንም ጽሑፍ ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ይህም በመጀመሪያው ፊደል ሳይወሰን እስከ ሳብዑ ድረስ መሠራት አለበት፤ «ሀ» እና «ሃ»ም መዘንጋት የለባቸውም። ለውጡ ግን በቅጂው ላይ ብቻ ይደረግ፤ የባለቤቱ አጻጻፍ ሊነካ አይገባም።

ችግር፦ አኃዝ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው «ኢዝዲጂት» ለ«፩» አዎን ብሎ ሲመልስ «ኢንት» ግን ወደ ቁጥር አልለውጠውም ይላል።

ምክንያት፦ ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን አኃዞች ቢያውቃቸውም የአስርዮሽ ሥርዓት አባል አድርጎ አይመድባቸውም፤ «ኢንት» የሚቀበለው ደግሞ የአስርዮሽ አኃዞችን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ለማጣራት «ኢዝዴሲማል»ን መጠቀም፣ ለመለወጥ ደግሞ የራስን ተግባር መጻፍ ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ምልክትን በምልክት መተካት አያዋጣም። በ፳፻፲፯ ውስጥ ፻ ከፊቱ ያለውን ፳ በ100 ያባዛል፤ ከዚያ 10 እና 7 ሲደመሩበት 2017 ይሆናል።