ቡገንቪሊያችሁ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ከሆነ፦ እንደገና እንዲያብብ እንዴት እንደሚደረግ

አዲስ አበባ መሐል ቡገንቪሊያ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በእግር ብትሄዱ ሮዙ፣ ሐምራዊው፣ ብርቱካናማው ከግንብ አጥር ላይ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ባለቤቶቹን ስታናግሩ ግን አንድ ቅሬታ ትሰማላችሁ። አምና አጥሩን ሙሉ ያለበሰው ተክል ዘንድሮ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ከረመ። ቦታው ያው ነው፣ የሚያጠጣውም ሰው ያው ነው።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ውሃ ይጨምርለታል። እሱ አልሆን ሲል ፍግ። ሁለቱም ነገሩን ያብሱታል። አላብብ ያለ ቡገንቪሊያ ብዙውን ጊዜ የተራበ ሳይሆን ከልክ በላይ የተመቸው ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ምን እንደበዛበት ፈልጉ።

መጀመሪያ እሾሁን እዩ

አበባ የምንለው ባለቀለሙ ክፍል በእርግጥ ቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው ይወጣሉ፤ እያንዳንዷም በአንድ ባለቀለም ቅጠል ላይ ተጣብቃለች።

አሁን አንድ ረጅም ቀንበጥ ያዙና ቅጠሉ ከቀንበጡ ጋር የሚገናኝበትን ብብት ተመልከቱ። እዚያች ቦታ ላይ እሾህ አለ። እሾሁና አበባው የሚነሱት ከዚያው ከአንድ ቦታ ነው። ቀንበጡ ውሃና ምግብ ተርፎት እየተወነጨፈ ሲያድግ ያች ነጥብ እሾህ ትሆናለች። እድገቱ ሲረጋ ደግሞ አበባ ትይዛለች። ቀንበጡ ክንድ ሙሉ ሆኖ ከሥር እስከ ጫፍ እሾህ ብቻ ከደረደረ ተክላችሁ አልታመመም። ለማበብ ምክንያት አላገኘም፣ በቃ። ቀንበጡ አጭር፣ ቅጠሉ ገርጣ ያለና ትንንሽ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥሩን ወይም ምግቡን ጠርጥሩ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ፀሐዩን ለኩ፣ ግን በትክክለኛው ወር

ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ፀሐይ ቦታ መቀያየሯን ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ጂ+4 የሆነ፣ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሕንጻ በታኅሣሥ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል የሚሆን ጥላ ይጥላል። መሐል ከተማ ባለ ጠባብ ግቢ ይህ ማለት ግቢው በሙሉ ጥላ ሆነ ማለት ነው። የበጋው ወቅት፣ ማለትም ተክሉ ማበብ ያለበት ጊዜ፣ በጥላ ያልፋል። ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትመጣለት በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው።

ስለዚህ ከጎናችሁ በደቡብ በኩል አዲስ ሕንጻ ተነሥቶ ከሆነ መልሱን አገኛችሁት። በግንቦት አይታችሁ «ፀሐይማ ሞልቶታል» አትበሉ። በኅዳር አንድ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምራችሁ በየሁለት ሰዓቱ ወጣ እያላችሁ እዩት።

ፀሐይ ከሌለ ማዳበሪያም፣ መቀስም አያድነውም። ማድረግ የሚቻለው ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ መምራት ነው። ቡገንቪሊያ በራሱ ተጠምጥሞ አይወጣም፤ ማሰር ያስፈልጋል። ሽቦ ግንዱን ይበላዋል። የአሮጌ ጨርቅ ቅዳጅ ይሻላል፣ ለዚያውም ላላ ተደርጎ። ከነሥሩ ነቅላችሁ ወደ ፀሐይ ላዛውረው ካላችሁ ግን ሁለቴ አስቡ። ሥሩ ስስና ተሰባሪ ነው፣ ትልቅ ተክል ሲነቀል ብዙ ጊዜ ይሞታል። በክረምት መግቢያ እርሳስ የሚያህል የጠነከረ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ቦታ ላይ መትከል ይመረጣል።

ውሃውን መንፈግ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ሰው ተክል ማጠጣትን እንጂ ማስጠማትን አይወድም።

በክረምት ቡገንቪሊያ ይጠጣል፣ ያድጋል፣ እሾህ ያበቅላል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም አፈሩ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ተክሉም እድገቱን ያረጋና ወደ አበባ ይዞራል። ዝናቡ እስከ ጥቅምት በሚዘገይበት ዓመት አበባውም ይዘገያል፤ ያንን ዓመት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ዝናቡ በጊዜው አቁሞ እያለ እኛ ጎማ ይዘን ክረምቱን ካስቀጠልነው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ይህ ይብሳል። ውሃ የመጣ ዕለት ባልዲው ይሞላል፣ ሮቶው ይሞላል፣ አትክልቱም እስኪረሰርስ ይጠጣል። የማይታይ ውሃም አለ። የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ሮቶው ሞልቶ የሚተርፈው የት ይንጠባጠባል? እናቴ ግቢ ያለው ቡገንቪሊያ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ነበር። ማንም አያጠጣውም። ምክንያቱ የሮቶው ቧንቧ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ተክሉ ሥር ይወርዳል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ መስመር ሠርቶ ነበር። ቧንቧው በሐምሌ ተጠገነ፣ ታኅሣሥ ላይ አጥሩ ቀላ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ማጠጣት አቁሙ። ከዚያ ተክሉን በቀን ሁለት ጊዜ እዩት፤ ከሰዓት በኋላና በማለዳ። ከሰዓት በኋላ ለጋ ቅጠሎቹ ዘለስ ብለው ማታ ቀና ካሉ ጥሩ ነው፣ ተዉት። ጠዋትም እንደዘለሱ ካደሩ ጊዜው ደርሷል። አንዴ በደንብ አጠጡት፣ እንደገና ተዉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት የሚባለውን ነገር እርሱት። እሱ ተክሉን አያጠግበውም፣ አያስጠማውም።

ስንት ቀን ይፈጃል? እንደ አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ፣ ሥር የሰደደ ተክል ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቀዩ አፈር ቶሎ ይደርቃል። ማሰሮ ውስጥ ያለው በጥቂት ቀን ይጠማል። ከተተከለ ዓመት ያልሞላውን አታስጠሙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቅጠሉ ዘልሶ አፈሩ ግን እርጥብ ከሆነ ውሃ አልጎደለውም፤ ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን አፈር ውስጥ ሳትከቱ ጎማ አታንሡ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ ሲሉ ማስጠማቱን አቁሙና በመጠኑ ማጠጣት ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «ውሃ መከልከሉ ሠራ» ብሎ ይቀጥልበታል፣ እምቡጡም ሳይከፈት ይረግፋል።

መግረዝ፦ በመስከረም፣ ከዚያ መቀሱን አስቀምጡ

ቡገንቪሊያ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ስለዚህ መገረዝ ይጠቅመዋል፣ ጊዜው ከተጠበቀ። ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የተወነጨፉትን ቀንበጦች አንድ ሦስተኛ ያህል ቁረጡ። የደረቀውንና እርስ በርሱ የተጠላለፈውን አውጡ። ሞቃት በሆነ አገር ከዚያ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀለም ይታያል። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እዚህ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ አጥሩ ግድግዳ እንዲመስል በየወሩ መከርከም ነው። በሁለት እጅ የሚያዘውን ትልቁን መቀስ ለዚህ ተክል አልወደውም። የሚመጣው አበባ ቀንበጡ ጫፍ አካባቢ ነው፤ ትልቁ መቀስ ደግሞ የሚያጭደው ጫፉን ነው። አትክልተኛው ሥራውን በትጋት ሠርቷል፣ አጥሩ ተስተካክሏል፣ አበባው ግን መሬት ላይ ነው። በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ስለታም መቀስ ግዙ። የቆዳ ጓንት አድርጉ፣ እሾሁ ቀልድ አያውቅም።

ከውጭ አገር የሚመጡ ቪዲዮዎችንም አይታችሁ አትቁረጡ። ሊላክ የሚባለው መዓዛው የሚወደድ ቁጥቋጦ ለምሳሌ የከርሞ እምቡጡን የሚይዘው በዘንድሮው ቀንበጥ ላይ ነው። አበባው እንዳለቀ ወዲያው ካልተገረዘና ዘግይቶ ከተቆረጠ በሚቀጥለው ዓመት አያብብም። ከዚያም በላይ ረጅም የብርድ ወቅት ይፈልጋል፤ ለአዲስ አበባ አይሆንም። የሊላክ ምክር ለሊላክ ነው። ቡገንቪሊያ ከሱ ተቃራኒ ነው።

ማዳበሪያ

መሬት ላይ ላለ፣ ሥር ለሰደደ ቡገንቪሊያ ብዙ ጊዜ ምንም አያስፈልገውም። ዩሪያ በፍጹም። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ቅጠል ነው። ከአጠገቡ ሣር ካለና ለሣሩ ዩሪያ የምትበትኑ ከሆነ ቡገንቪሊያውም እየበላ እንደሆነ እወቁ። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ስላለው ይረዳል፣ ግን እፍኝ ብቻ፣ አልፎ አልፎ። አመድ ሲበዛ አፈሩን ስለሚለውጠው የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመሐላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ማሰሮ ውስጥ ያለው ግን ምግቡ ስለሚያልቅበት ከተገረዘ በኋላ ትንሽ የበሰለ ኮምፖስት ይገባዋል።

ከመንገድ ዳር ስለተገዛ ችግኝ

ችግኝ ሻጮች ጋ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ አበባ ተሸክሞ የምታዩት ቡገንቪሊያ ያበበው ሥሩ ስለተጨናነቀ ጭምር ነው። መሬት ስታገቡት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ሥርና ቅጠል ይሠራል። ሻጩ አላታለላችሁም። ስትተክሉ ላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡት፤ አፈሩን ከሥሩ አታራግፉ። በማሰሮ ልታቆዩት ከሆነም ቶሎ ቶሎ ወደ ትልቅ ማሰሮ አታዛውሩት፣ ጠበብ ያለው ይስማማዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበረታ ቅጠል ሊያራግፍ ይችላል። በዚያ ምክንያት አትንቀሉት። ቀን ፀሐይ ሲመታው የሚውል የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ያለው ብርዱን በተሻለ ይችላል።

የመጀመሪያው አበባ ጥር ወይም የካቲት ላይ ሲረግፍ ያበቡትን ቀንበጦች ጫፍ ብቻ በትንሹ ቀንጥቡ። የበልግ ዝናብ ከመጣ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ሁለተኛ ዙር ሊሰጣችሁ ይችላል። በልጉ ከበረታ ደግሞ እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ አትንኩት።