የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክልን የካቴና ድምፅ እንዴት መቀነስ ይቻላል

ነዳጅ ሲሰጡ «ጓ!»፣ ሲለቁ እንደገና «ጓ!»፣ በመካከል ደግሞ ከእግር ሥር የማያቋርጥ ጉርምርምታ። ሻንጣና ተሳፋሪ ጭኖ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ባለካቴና ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚናገረው። መፍትሔው ሦስት ዕቃ ነው፤ በሁለቱም ጎኑ ላስቲክ የተለበጠ የፊት ስፕሮኬት (ካቴናው የሚጠቀለልበት ባለጥርስ ብረት)፣ በፒን ጭፍለቃ የሚገጠም ባለኤክስ ሪንግ (ግራሶውን ውስጥ የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት ያለው) ካቴና ከአዲስ የኋላ ስፕሮኬት ጋር፣ እንዲሁም በኋላ ጎማው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ውስጥ የሚቀመጡት ጎሚኒዎች፣ ማለትም የካቴናውን ምት የሚያለዝቡት ላስቲኮች። አቅም የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ከሆነ ጎሚኒዎቹን ይቀይሩ። ላስቲክ ለበስ ስፕሮኬት ብቻውን ገዝቶ በተሳበ አሮጌ ካቴና ላይ መግጠም ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱ ጥርስና የረዘመው ካቴና ስለማይገጣጠሙ ድምፁ ይብሳል፣ አዲሱም ጥርስ ቶሎ ይበላል።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ ፍሪሲዮን ይያዙና ሞተሩ ወደ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ይውረድ። ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከወረደ ጉዳዩ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ከታች ያለው ሥራ አይነካውም። የጎማውን ፍጥነት ተከትሎ ከቀጠለ ተጠርጣሪዎቹ ካቴናው፣ የኋላ ኩሽኔታዎቹ፣ ጎማውና ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ካምቢዮ ናቸው። ሞተር ሳይክሉ ወደ ጎን ጋደል ሲል ድምፁ ከተለወጠ ኩሽኔታውን ወይም የጎማውን አበላል አስቀድመው ይዩ። ቆመው አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ የሚሰማው አንድ ጊዜ «ጠቅ» ግን በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ባሕርይ ስለሆነ የትኛውም ዕቃ አያጠፋውም።

ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሞተር ሳይክሉን በመካከለኛው ማቆሚያ ላይ ያቁሙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉና የኋላውን ጎማ በእጅ ያዙሩ። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ገብቶ ካቴናውን መንካት ጣት ያስቆርጣል፤ ማጽዳትም ሆነ ቅባት መቀባት ሁልጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ሲያዞሩ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ካቴናው ከተወጠረና ሌላ ቦታ ከላላ እኩል አልተሳበም ማለት ነው። አልታጠፍ ያለ ቀለበት ካለም የኋላውን ስፕሮኬት ሲለቅ ቀና ሳይል ጎብጦ ይታያል።

መሳቡን ለማወቅ መለካት ይሻላል። በ520፣ በ525 እና በ530 ካቴናዎች (ቁጥሩ የካቴናው መጠን መለያ ነው) ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ቀጣዩ ፒን መካከል ያለው ርቀት 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ካቴናውን ወጥረው ከአንድ ፒን እስከ 21ኛው ፒን ሲለኩ አዲስ ካቴና 317.5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ለብዙ ሞዴሎች የመጣያው ወሰን 323 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የእርስዎን ከመመሪያ መጽሐፉ ያመሳክሩ። ሦስት አራት ቦታ ይለኩ፤ የሚቆጠረው ትልቁ ልኬት ነው።

ጎሚኒዎቹን ለመፈተሽ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ይያዝልዎና ስፕሮኬቱን በሁለት እጅ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙት። ጤነኛ ጎሚኒ ወዲያው ይገታዎታል። ስፕሮኬቱ ምንም ሳይከብደው ሄዶ ከተጋጨ ጎሚኒዎቹ ደርቀው ቀንሰዋል፤ ያ «ጓ!» የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ዕቃውን መምረጥ

ሦስቱ የካቴና ቁጥሮች የሚለያዩት በውስጥ ስፋታቸው ነው፤ 520 6.35፣ 525 7.94፣ 530 ደግሞ 9.53 ሚሊ ሜትር። ስፕሮኬቶቹም ካቴናውም አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። የአሮጌውን ካቴና ቀለበቶች ቆጥረው ይጻፉ፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚካፈል እንጂ ጎዶሎ አይሆንም። መጋጠሚያ ቀለበቱ በክሊፕ የሚያዝ ሳይሆን ፒኑ የሚጨፈለቅ ዓይነት ይሁን፤ ጭነት ለሚሸከም ትልቅ ሞተር ክሊፕ አይታመንም።

ላስቲክ ለበሱ ስፕሮኬት በጥርሶቹ ግራና ቀኝ የላስቲክ ቀለበት አለው። የካቴናው የጎን ላሜራዎች መጀመሪያ የሚያርፉት በዚህ ላስቲክ ላይ ስለሆነ ሮለሩ የጥርሱን ሥር የሚመታው ፍጥነቱ ከበረደ በኋላ ነው። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ይኸው ነበራቸው፤ በአንድ ወቅት ርካሽ ባዶ ብረት ተተክቶባቸው ነው ጫጫታ የጀመሩት። ስለዚህ አሮጌውን ሲያወጡ ላስቲክ ያለው ወይም የነበረው መሆኑን ልብ ይበሉ። ለሁሉም ሞዴል አይሠራም፤ ሲገዙ የሞተር ሳይክሉን ዓመትና ሞዴል ይዘው ይሂዱ።

የጥርስ ቁጥርም በድምፁ ውስጥ እጁ አለበት። ካቴና ስፕሮኬት ላይ ሲጠቀለል እውነተኛ ክብ አይሠራም፤ የሚሠራው ባለብዙ ጎን ቅርፅ ነው። ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ማዕዘኑ ይበልጥ ስለሚሾል ካቴናው በየጥርሱ ይንቀጠቀጣል። በ15 ጥርስ የካቴናው ፍጥነት በ2.2 በመቶ ያህል ይዋዥቃል፤ በ16 1.9፣ በ17 ደግሞ 1.7 በመቶ። ከ15 ወደ 16 መውጣት ድምፁን ትንሽ ያለዝባል፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሞተሩንም ዙር በ6 በመቶ ይቀንሳል። በምላሹ ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ይከብዳል፤ ፍጥነቱ ከካምቢዮው መውጫ የሚነበብ ከሆነም ቆጣሪው ይሳሳታል። በፊት ስፕሮኬቱ ሽፋን ሥር ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ሁልጊዜ ሻንጣ ሞልቶ ለሚጓዝ ሰው የፋብሪካውን ቁጥር መጠበቅ ይሻላል።

ለኋላ ስፕሮኬት ብረት ይምረጡ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ለረጅም ጉዞ ግን ቶሎ ይበላል።

ሥራው

ከመፍቻ ሌላ የካቴና መቁረጫና መጨፍለቂያ መሣሪያ፣ ቨርኒየር ካሊፐር፣ ቶርክ መፍቻ፣ ፋይል ወይም ትንሽ መሞረጃ፣ ነጭ ጋዝና ብሩሽ ያስፈልጋሉ።

1. የፊት ስፕሮኬቱን ሽፋን ይፍቱና የተከማቸውን ጭቃና ቅባት ያጽዱ። በአንዳንድ ሞተሮች የፍሪሲዮኑ ሲሊንደር ከዚሁ ሽፋን ጋር ይወርዳል፤ ያኔ የፍሪሲዮን ማንሻውን ቢጨብጡ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይፈሳል። በማንሻው ላይ ክር አስረው «አትንካ» ማለት አይከፋም።

2. ካቴናው ሳይቆረጥ የፊት ስፕሮኬቱን ዳዶ ያላሉ። የታጠፈውን ማገጃ ራንዴላ መጀመሪያ ያቅኑ፣ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይርገጥ። ካቴናው ከወጣ በኋላ ስፕሮኬቱን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ብዙ ይደክማል።

3. የአንድ ፒን ራስ ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን ይሞርዱና በመሣሪያው ገፍተው ያውጡት። ሳይሞርዱ መግፋት የመሣሪያውን መርፌ ይሰብራል።

4. ጎማውን ያውርዱ። ስፕሮኬቱን የያዘው ክፍል በእጅ ብቻ ተነቅሎ ይወጣል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቱቦ አብራ ልትወድቅ ስለምትችል በየት በኩል እንደነበረች ያስተውሉ፤ ያለ እርሷ ከተገጠመ ዘንጉ ሲጠብቅ ኩሽኔታው ይጎዳል። ኩሽኔታውን በጣት ያዙሩት፤ ከሻከረ ወይም ከላላ አሁን ይለወጥ።

5. አሮጌ ጎሚኒዎቹን አውጥተው ቦታቸውን ያጽዱ፤ አዲሶቹን በሳሙና ውሃ አርጥበው ያስገቡ። ግራሶና ዘይት ላስቲኩን ስለሚያሳብጡ አይጠቀሙ። አዲስ ጎሚኒ ጠበቅ ስለሚል የስፕሮኬቱ ክፍል በመዳፍ እየተመታ፣ እኩል እየገባ ነው የሚቀመጠው። በቀላሉ ከገባና አሁንም ከተወዛወዘ የተሸጠልዎት የሌላ ሞዴል ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ከአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ክፍተቱን የሚሞሉ አሉ፤ ዕቃው እስኪመጣ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል እንጂ ቁራጩ ቶሎ ይፈጫል።

6. አዲሱን የኋላ ስፕሮኬት ከመግጠምዎ በፊት የሚያርፍበትን ፊት በደንብ ይጥረጉ። እዚያ የቀረ ትንሽ ዝገት ስፕሮኬቱን ያወላግደዋል። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ።

7. የፊቱን ላስቲክ ለበስ ስፕሮኬት በአዲስ ማገጃ ራንዴላ ይግጠሙ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ካቴናው ሲገባ ነው። በስዊንግ አርሙ (የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ) ላይ ያለውን የካቴና ማንሸራተቻ ፕላስቲክም ይዩት። ጎድጉዶ ከሳሳ ካቴናው ብረት ይመታል፤ አዲስ ስፕሮኬት ያንን ድምፅ አያጠፋውም።

8. ጎማውን መልሰው ወደፊት ይግፉት፣ ካቴናውን ያዙሩበትና ልኩን ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።

9. መጋጠሚያው ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል ነው። አራቱንም ኤክስ ሪንጎች ከካቴናው ጋር በመጣው ግራሶ ቀብተው ያስገቡ፤ ሁለቱ ከውስጥ፣ ሁለቱ ከውጭ። የጎን ላሜራውን በመሣሪያው ሲጫኑ በየጊዜው እያቆሙ ጠቅላላ ስፋቱን በካሊፐር ከጎረቤቱ ቀለበት ጋር ያወዳድሩ፤ እኩል ሲሆን ያቁሙ። ካለፈ ኤክስ ሪንጉ ተጨፍልቆ ቀለበቱ ይደርቃል፣ በየዙሩም «ቀጭ» ይላል። ቀጥሎ የፒኖቹን ራስ ይጨፍልቁ። ለአብዛኞቹ የዚህ ቁጥር ካቴናዎች የተጨፈለቀው ራስ ስፋት ከ5.5 እስከ 5.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። በጥሩ ብርሃን ራሱን ይመርምሩ። ስንጥቅ ካለ ያ መጋጠሚያ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፤ «ይይዛል» ብሎ መሄድ ካቴናው በመንገድ ላይ ሲበጠስ የሞተሩን ጎን እስከ መስበር ያደርሳል።

10. ውጥረቱን ያስተካክሉ። ለብዙ የመንገድ ሞተሮች በታችኛው መስመር መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ይበቃል፤ ረጅም ሞላ ያላቸው ሞተሮች የበለጠ ይፈልጋሉ። የሚለካው ካቴናው በሚወጠርበት ቦታ ነው። የእርስዎ ሞተር ሁልጊዜ ጭነት ስለሚይዝ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ኋላው ተጭኖ የፊት ስፕሮኬቱ፣ የስዊንግ አርሙ መታጠፊያና የኋላው ዘንግ በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው እጅግ ይወጠራል። በዚያን ጊዜም ጥቂት እንቅስቃሴ መቅረት አለበት፤ ካልቀረ የካምቢዮው መውጫ ኩሽኔታ ዋጋውን ይከፍላል።

11. በስዊንግ አርሙ ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች ብቻ አይመኑ፤ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነባቸው ብዙ ናቸው። ከመታጠፊያው መካከል እስከ ዘንጉ መካከል በሁለቱም በኩል ይለኩና እኩል ያድርጉ። ከዚያ የፊቱን ዳዶና የዘንጉን ዳዶ በመመሪያው ቶርክ ያጥብቁ፣ ራንዴላውን ያጥፉ። ዘንጉ ሲጠብቅ ውጥረቱ ትንሽ ስለሚለወጥ እንደገና ይለኩ።

የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር

በላስቲኩ ላይ የላሜራዎቹ ምልክት ታትሞ ያዩታል፤ የተበላሸ መስሎዎት አይደንግጡ፣ ቦታውን እየያዘ ነው። አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚላላ 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ውጥረቱን ይዩ። ከዚያ በኋላ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዝናብ በኋላም ወዲያው፣ ካቴናው ገና ሞቅ እያለ በውስጥ በኩል ቅባት ይቀቡና ሌሊቱን ይደር። ለማጽዳት ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ቤንዚን ኤክስ ሪንጉንም የስፕሮኬቱን ላስቲክም ያደርቃል፤ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ኤክስ ሪንጉን ይቧጭራል።

አሁንም ከጮኸ

ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ቀጭን ፉጨት በአብዛኛው ከልክ በላይ የተወጠረ ካቴና ነው፤ ላላ ያድርጉት። ነዳጅ ሲለቁ ስዊንግ አርሙን የሚመታ ከሆነ ተቃራኒው ነው። የማያቋርጥ የመፋቅ ድምፅ ካለ የኋላውን ስፕሮኬት ጥርሶች ጎን ይዩ፤ አንዱ ጎን ብቻ ካበራ ጎማው ጠማማ ተገጥሟል፣ ወደ 11ኛው ደረጃ ይመለሱ። በየካቴናው ዙር አንድ ጊዜ የሚመጣ «ቀጭ» የደረቀ መጋጠሚያ ቀለበት ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጉርምርምታው ካልለቀቀ ካቴናውን አውርደው ጎማውን ብቻውን በእጅ ያዙሩ፤ ሻካራነት በመዳፍ ከተሰማ ጉዳዩ የሞዞው ኩሽኔታ ነው።