ሽታ፣ ቲክታና የሚታፈን ሞተር፦ የኤምጂቢ የነዳጅ መስመር ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዙ የስፖርት መኪና በኤምጂቢ ላይ የነዳጅ ችግር ሲመጣ የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ካርቡራተሩ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ታንኩ የሚተነፍስበት መንገድ ነው። ካሊፎርኒያ በ1970፣ ሌሎቹ ግዛቶች በ1971 ሞዴሎች ላይ የቤንዚን ትነት ወደ አየር እንዳይለቀቅ ስላስገደዱ፣ የታንኩ ክዳን አየር የማያሳልፍ ሆነ። ትነቱ ከታንኩ ተነስቶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ባለችው ትንሽ መለያ ታንክ ያልፋል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ኮፈኑ ስር ሄዶ ከሰል የተሞላው ጥቁር ጣሳ፣ ካኒስተሩ፣ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ከካኒስተሩ ስር የሚገባው አየር ከሰሉ የያዘውን ትነት ጠርጎ በፑንቴሪያ ክዳኑ (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ከዚያም ወደ ካርቡራተሮቹ ይወስደውና ይቃጠላል።

ይኸው መንገድ ወደ ኋላም ይሠራል። ፓምፑ ከታንኩ ቤንዚን በጠጣ ቁጥር በምትኩ የሚገባው አየር የሚመጣው በካኒስተሩ በኩል ነው። መንገዱ ከተዘጋ ታንኩ ይታፈናል።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ እስከ 1974 ድረስ ለተሠሩት፣ ሁለት የኤስዩ (የአምራቹ ስም ነው) ካርቡራተር ላላቸው ነው። ቱቦ ከመንቀልዎ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፍ መክፈት ለሚፈልግ ሙከራ ካልሆነ በስተቀር የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ እሳት ማጥፊያም አጠገብዎ ይኑር።

መጀመሪያ ፓምፑን ያዳምጡ

የኤስዩ ፓምፕ በቀኝ በኩል ከኋላ አክሰሉ አጠገብ ነው ያለው፤ ሥራውንም በድምፁ ይናገራል። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። ጤነኛ ፓምፕ ጥቂት ጊዜ ቲክ ቲክ ብሎ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ መድገም የለበትም።

ሳያቋርጥ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ወይ ታንኩ ባዶ ነው፣ ወይ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው መስመር አየር እየሳበ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ቤንዚን ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ብቻ ይስባል። ስለዚህ ደረቅ መሆኑ አያታልልዎ። በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ የሚመታ ከሆነ ግን ወይ የካርቡራተሩን የቤንዚን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ አልዘጋም፣ ወይ የፓምፑ የራሱ ቫልቭ ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ወደ ካርቡራተሮቹ የሚሄደውን ቱቦ በለስላሳ መቆንጠጫ ቢይዙትና ቲክታው ቢቆም ጥፋቱ ከፊት ነው።

ዝምታው ሁለት ዓይነት ነው። በዚህ ፓምፕ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ዲያፍራሙን (የሚለጠጠውን ስስ ሽፋን) የሚጎትተው ለመሳብ ነው፤ የሚገፋው ስፕሪንጉ ነው። የመሳቢያው መስመር ከተዘጋ ጉተታው ሳያልቅ ይቀራል፤ ፑንቲናው (የኤሌክትሪክ መገናኛው) እንደተዘጋ፣ የሽቦ ጥቅሉም መብራት እየበላ ይግላል። የመግፊያው መስመር ከተዘጋ ደግሞ ፑንቲናው ተከፍቶ ስለሚቆም ፓምፑ ቀዝቃዛ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ዝም ብሎ ሲነኩት ከጋለ ችግሩን ከፓምፑ ወደ ታንኩ ይፈልጉ። በዚያ ሁኔታ ቁልፉን ከፍቶ መተው ፓምፑን ያቃጥለዋል።

ጥቂት ከሄደ በኋላ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል፤ ቆይቶ ይነሳል

በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳያጠፋ ፓምፑን ያስቀይራል። መኪናው መታፈን ሲጀምር ዳር ይዘው የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር እየነፈሰ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለ የአየር መግቢያው ተዘግቷል።

የት እንደተዘጋ ለመለየት ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ካኒስተሩ ላይ ይንቀሉና መኪናውን ለአጭር ርቀት ነድተው ይሞክሩት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ካኒስተሩ ወይም ከሱ በታች ያለው ነው፤ ካልጠፋ ቀጭኑ ቱቦ ወይም መለያ ታንኩ ተደፍኗል። ቱቦውን ከፊት ወደ ኋላ በአፍ ወይም በእጅ ፓምፕ ይንፉ፤ ሲነፉ የታንኩ ክዳን ክፍት ይሁን። በተዘጋ ታንክ ላይ ኮምፕረሰር የከፈተ ሰው ታንኩን ያሳብጠዋል።

ካኒስተሩ ስር የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ አለ፤ ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ይጠጥራል። የታችኛውን ክዳን ፈትተው ይቀይሩት። ከ1973 ጀምሮ ባሉት ላይ ደግሞ ከካኒስተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ሥራው ቁልፉ ሲዘጋ የማኒፎልዱን (የሞተሩን መሳቢያ ቱቦ) ሳብ ወደ ካርቡራተሮቹ የቤንዚን ጎድጓዳ መስደድና ሞተሩ ቁልፉ ተዘግቶም እየተርገፈገፈ እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ግን አየር ማሳለፍ አለበት። ተጣብቆ ከቀረ ካኒስተሩ አየር አያገኝም። ለሙከራ ከካኒስተሩ የሚወጣውን የቫልቩን ቱቦ ነቅለው ይንዱት፤ ከተሻለው ቫልቩን በካርቡራተር ማጽጃ ያጥቡ፣ ካልተላቀቀ ይቀይሩ።

ብዙዎች ይህን ሁሉ ነቅለው ቀዳዳ ያለው ክዳን ይገጥማሉ። መታፈኑ ይጠፋል፤ ሽታው ግን ጋራዡን ይወርሰዋል። አንድ ስፖንጅ ለመቀየር ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

ኮፈኑ ስር ይሸታል

ካኒስተሩን ነቅለው ያንሱት። ደረቅ ከሰል ቀላል ነው፤ ከብዶ ከተሰማዎት ወይም ሲያዘነብሉት ካንጠባጠበ ፈሳሽ ቤንዚን ገብቶበታል። በ1972 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት የኤችአይኤፍ ዓይነት የኤስዩ ካርቡራተሮች ላይ የቤንዚን ጎድጓዳው መተንፈሻ ከካኒስተሩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ የማይዘጋ መርፌ ትርፉን የሚደፋው እዚያው ነው። መርፌውንና መቀመጫውን አብረው ይቀይሩ፤ የተንሳፋፊውን ከፍታ 1 ሚሊሜትር ላይ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም፣ ያስተካክሉ። የራሰ ከሰል አይድንም፤ ካኒስተሩ ይቀየራል። ታንኩን እስከ አፉ መሙላትም በመለያ ታንኩ በኩል እዚያው ያደርሳል።

ካርቡራተሮቹ ደህና ሆነው ካኒስተሩ ከሸተተ ከሰሉ አልተጠረገም ማለት ነው። እዚህ ጋ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የዘይት መሙያው ክዳን ነው። በነዚህ ሞዴሎች ላይ ክዳኑ ድፍን መሆን አለበት፤ አየር የሚያስገባ ክዳን ከተገጠመ ሞተሩ የሚስበው ከዚያ ስለሆነ በካኒስተሩ በኩል ምንም አይመጣም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ክዳኑን ያንሱና አፉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያስቀምጡ፤ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይገባል። ካልተሳበ ከሞተሩ ጎን ወደ ካርቡራተሮቹ የሚሄደው መተንፈሻ ተደፍኗል። የፑንቴሪያ ክዳኑ ላይ ያለችው ቱቦ ውስጧ ወደ 2 ሚሊሜትር የጠበበ ነው። በአሉሚኒየም ክዳን ሲተካ ይህ ጥበት ካልተሠራ ትርፍ አየር ገብቶ ሚኒሞው ይረበሻል።

መኪናው ውስጥ ወይም ከኋላ ይሸታል

ታንኩ ሙሉ ሲሆን ብቻ ከሆነ የመለኪያውን ጎማና የመሙያውን ትልቅ ጎማ ይፈትሹ። ሁልጊዜ ከሆነ የመለያ ታንኩን አጫጭር ቱቦዎች አጥፈው ይዩዋቸው፤ ስንጥቁ የሚታየው ሲታጠፉ ነው።

ቱቦዎቹ

ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የድሮ ጎማን ከውስጥ ያረግፋል፤ ማጣሪያው ውስጥ የሚታየው ጥቁር ዱቄት እሱ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ። ላዩ ላይ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 (SAE J30R9) የሚል የታተመበት ይግዙ፤ ውፍረቱን በግምት ሳይሆን የብረት ቱቦውን ጫፍ ለክተው ይምረጡ። ፋሸታው (የቱቦ ማሰሪያው) ጠርዙ የታጠፈ ይሁን፤ ጥርሱ የተከፈተው ጎማውን ይበላዋል። የብረት ሽቦ የለበሰ ቱቦ ያምራል፣ ግን ስንጥቁን ይደብቃል። ተጨማሪ ማጣሪያ ከፓምፑ በፊት አይግጠሙ፤ መሳቢያውን ያንቀዋል። ቦታው ከፓምፑ በኋላ፣ ከጭስ ማኒፎልዱ ርቆ ነው።

ሞቆ ሲጠፋ አልነሳም ይላል

ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ፈላ ማለት ይቀናናል። ፓምፑ ከኋላ ሆኖ ስለሚገፋ በዚህ መኪና ላይ ብዙም አይከሰትም። በካርቡራተሮቹና በማኒፎልዱ መካከል ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ በቦታው መኖሩን ይዩ፤ ከዚያ ፍሰቱን ይለኩ። ካርቡራተሩ ጋ ያለውን ቱቦ ነቅለው ወደ ዕቃ ያስገቡና ቁልፉን ለአንድ ደቂቃ ይክፈቱ፤ ከ0.57 ሊትር ካነሰ ፓምፑ ወይም መስመሩ ደክሟል፤ ጤነኛው ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። ፓምፑን በሌላ ዓይነት ከተኩት ግፊቱ 3 ፒኤስአይ አካባቢ ይሁን፤ 6 እና 7 የሚገፋው መርፌዎቹን አስከፍቶ ቤንዚኑን እንደገና ካኒስተሩ ውስጥ ይደፋዋል።