የቤተሰብ መኪናን ለፒስታና ለጭቃ መንገድ እንዴት እናዘጋጅ? ከጎማው ጀምሩ

ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ብትወጡ፣ ከዋናው አስፋልት ገንጠል ስትሉ ፒስታው ይጀምራል። በሰበታ በኩል ወደ ሱባ መናገሻ ጫካ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር ሸለቆ፣ በቢሾፍቱ በኩል ወደ ዝቋላ። እነዚህን ቦታዎች ቅዳሜና እሑድ ከልጆች ጋር ለማየት የግድ ላንድክሩዘር መግዛት አያስፈልግም። ቪታራ፣ ራቭ ፎር ወይም ቱሳን ያለው ሰው በትንሽ ወጪና በትክክለኛ ቅደም ተከተል መኪናውን ማዘጋጀት ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ መኪናዋን ከፍ ያስደርጋል፣ ጣሪያዋ ላይ መብራት ይደረድራል፤ ጎማዋ ግን ያው የከተማ ጎማ፣ ኋላዋም አንድ ገመድ እንኳ የለበትም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እጃችሁ ላይ ያለችው መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ስለዚህ የሚለወጠውን ሁሉ ስትለውጡ መኪናዋን እንዳትጎዱ አስቡ።

1. መኪናችሁን እወቁ

ሁሉም "ፎር ዊል" አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የግራንድ ቪታራ ትውልድ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ሎው ማርሽ አለው። ሎው ማለት ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ ጉልበት ለጎማው እንዲሰጥ የሚያደርግ ነው፤ ጥቅሙ በአቀበት ብቻ ሳይሆን በቁልቁለትም ነው፣ ፍሬን ሳትረግጡ መኪናዋን ይይዛታል። ራቭ ፎር ይህ የላትም፤ ፎር ዊል የሆኑት አዳዲሶቹ ሞዴሎቿ በአብዛኛው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚልኩት የፊቱ መንሸራተት ሲጀምር ነው። መኪናችሁ ሎው ከሌላት በጎማም በሞላም አታመጡትም። መንገድ ስትመርጡ ግን ድንጋያማ ዳገትን መተው ትችላላችሁ።

ሜትር ይዛችሁ ከመኪናዋ ሥር ዝቅተኛውን ቦታ ለኩ። ከዚያ ከጎን ቁሙና ከፊት ጎማ እስከ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) የታችኛው ጠርዝ ያለውን ማዕዘን እዩ። ቦይ ወይም እርከን ላይ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

2. ጥገናው ይቅደም

ማሻሻያ የታመመ መኪናን አያድንም። መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ከፊት ጎማው ኋላ እጃችሁን አስገቡና የሴሚያሱን (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) የላስቲክ ሽፋን በጣት ዳብሱ። እጥፋቶቹ መካከል ስንጥቅ ካለ ወይም ጣታችሁ ቅባት ይዞ ከወጣ ላስቲኩን ቀይሩ። አቧራና ጭቃ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጆይንቱን (የዘንጉን መገጣጠሚያ) ይበላዋል፤ የላስቲኩ ዋጋ ደግሞ ከጆይንቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የፍሬን ዘይትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሁለት ዓመት ካለፈው የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ወደ ሙገር ወይም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ፔዳሉ ወለል ድረስ ሊሰምጥ ይችላል። ራዲያተር፣ ቀበቶና ባትሪ የሚታወቁ ናቸው፤ መካኒካችሁ ያያቸዋል።

3. ጎማ፦ ገንዘባችሁ መጀመሪያ እዚህ ይግባ

ኮረኮንች ላይ ጎማ በብዛት የሚሞተው ጎኑ በሹል ድንጋይ ተቀዶ ነው፤ ጎኑ የተቀደደውን ደግሞ የትኛውም ጎሚስታ በአስተማማኝ ሁኔታ አይጠግነውም። የከተማ ጎማ ጎኑ ስስ፣ ጥርሱም ቀጭን ነው። የሚያስፈልጋችሁ ኤቲ (ኦል ቴሬን) የሚባለው ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው ኤምቲ (መድ ቴሬን) ለጭቃ ይበልጣል፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በዝናብ ጊዜ አስፋልት ላይ ቶሎ አይቆምም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት ለምታደርስ መኪና አልመክረውም።

መጠኑን ለማንበብ፦ 225/65 አር 17 የሚል ካያችሁ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ወደ 235/65 ብትሄዱ የጎማው ዲያሜትር ከ724 ወደ 737 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። መኪናዋ ከመሬት የምትነሣው ግን የልዩነቱን ግማሽ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት ቆጣሪው ከበፊቱ 2 በመቶ ገደማ አሳንሶ ማንበብ ይጀምራል። ከዚህ ብዙ አትለፉ፤ ጎማው መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን መምታት ይጀምራል።

ትልቅ ጎማ እኛ አገር ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። መኪናችሁ ከግቢ ሳትወጣ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ጉልበቷን አጥታለች ማለት ነው። በዚህ ላይ ከባድና ትልቅ ጎማ ስትጨምሩባት የሱሉልታን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈልጉ። 1223 ማለት እ.ኤ.አ. በ2023 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። "አዲስ ነው" ተብሎ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ጎማ ላስቲኩ ደርቋል። አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ ስኮርቱም (ተጠባባቂው ጎማ) መጠኑ አንድ ይሁን። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ዲያሜትሩ የተለያየ ጎማ መግጠም ዲፈረንሻሉን ያቃጥላል።

ከዚያ ንፋሱ። በሩ ላይ ያለው ተለጣፊ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል፤ ያ ለአስፋልት ነው። ኮረኮንች ላይ ወደ 25 አውርዱት፦ ጎማው ድንጋዩን ተቀብሎ ይተጣጠፋል፣ መኪናዋም ሆነ ኋላ የተቀመጡት እናታችሁ መንቀጥቀጡን አይቀበሉም። ለአሸዋና ለላላ አፈር እስከ 18 መውረድ ይቻላል፣ ግን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች። ከ15 በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። ለዚህ በቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰርና አንድ ጥሩ መለኪያ ግዙ። የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው ትንሹ ፊውዝ እያቃጠለ ያስቸግራል።

4. የመውጫ ዕቃ

ሁለት ሻክል (ገመዱን ከመኪናው የሚያያይዝ ብረት)፣ አንድ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ ጓንት፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ። ክሪክ ያለ ጣውላ ለስላሳ መሬት ውስጥ ይሰምጣል እንጂ መኪና አያነሣም። ሱማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ብትዞሩ አብዛኛው ይገኛል።

ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ። ብዙ መኪኖች ፓራውልቱ ላይ ባለች ክዳን ውስጥ እየዞረ የሚታሰር የመጎተቻ ቀለበት አላቸው፤ ከመሣሪያው ጋር መኖሩን አረጋግጡ። ተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ ግን ገመድ አታስሩ። ኳሱ ከተበጠሰ እንደ ጥይት ይወጣል፤ በዚህ መንገድ ሰዎች ሞተዋል። ሲጎተት ልጆቹ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቀው ይቁሙ።

5. የሥር መከላከያ

ብዙዎቹ የቤተሰብ መኪኖች ከሞተሩ ሥር ያላቸው ፕላስቲክ ነው። ጥሩ ብየዳ ቤት ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብረት ይሠራላችኋል። ለሠሪው ሦስት ነገር ንገሩት፦ ዘይት መቀየሪያ ቀዳዳ ይኑረው፣ አየር ማስገቢያ ይኑረው፣ በቡሎን ይታሰር እንጂ ሻሲው ላይ አይበየድ። ማናቸውም ብየዳ መኪናዋ ላይ ከመደረጉ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ አለበለዚያ የኮምፒውተር ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል።

6. ከፍ ማድረግ

አሁን፣ እዚህ ደርሳችሁ፣ ከፈለጋችሁ። የፊት ጎማዎቹ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መኪኖች ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር ብዙም አትለፉ። ከዚያ በላይ የሴሚያሱ ማዕዘን ይጠማዘዝና ያ የዳበሳችሁት ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል። በሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ብቻ ከመጨመር ይልቅ ጠንከር ያለ ሞላ ከአሞርዛተሩ ጋር አብሮ መቀየር ይሻላል። ሲያልቅ ዊል አላይመንት አስደርጉ። ለዓመታዊ ምርመራ የምትወስዷትን መኪና ስለምትለውጡ፣ ቦሎ የሚሰጠውን መርማሪ አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

7. ጭነት

20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። የመኪናዋ መመሪያ ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል ይናገራል፤ ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው፣ የፖርቶ መጋላው ክብደትም ከዚያ ይቀነሳል። ድንኳንና ፍራሽ ጣሪያው ላይ፣ ውኃና ከባዱ ከኋላ ወንበር ጀርባ ታች። ቤንዚን በፕላስቲክ ጀሪካን ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አይጫን።

8. መንገዱን መሞከር

የመጀመሪያ ጉዟችሁ በበጋ ይሁን፣ ቢቻል ከሌላ መኪና ጋር። ሱባ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ጫካውም ከነጽዱና ከነዝግባው ልብ ያሳርፋል። የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ዋልካ ግን ልጠንክርባችሁ። ሱሉልታ፣ በቾ፣ አቃቂና አድአ ላይ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ ዝናብ ሲነካው የኤቲውንም የኤምቲውንም ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ከገባችሁበት በኋላ የገዛችሁት ዕቃ ሁሉ ብዙም አይረዳችሁም። ስለዚህ ውረዱና ከመንገዱ አንድ እፍኝ አፈር አንሡ፣ በመዳፋችሁ እንደ ገመድ አሽከርክሩት። ሳይበጠስ ቀጭን ሆኖ ከረዘመ ተመለሱ። በአጠገቡ ሰው ካለ "አባባ፣ ዛሬ መኪና አልፏል?" ብሎ መጠየቅም አለ፤ መንገዱን የሚያውቀው እሳቸው ናቸው። ጭቃውን ለመሸሽ ብላችሁ ግን ጤፍ ማሳ ውስጥ አትግቡ፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው።

ወንዝ ከሆነ መጀመሪያ በእግር ይሻገሩት። ውኃው ከጎማው ግማሽ ካለፈ ወይም የሚገፋ ከሆነ አትግቡ። በክረምት እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ደርሶ ሊሞላ ይችላል።

ቤት ስትመለሱ ሥሯን በውኃ በደንብ እጠቡ፣ በተለይ ፍሬኑ አካባቢና ከላሜራው በላይ የተጠራቀመውን ጭቃ። ማግስቱን የጎማ ቡሎኖቹንና የላሜራውን ቡሎኖች በቁልፍ ፈትሹ፤ ከመጀመሪያው ኮረኮንች በኋላ አንድ ሁለቱ ላልተው ሊገኙ ይችላሉ።