ዶሜይንዎ በማን እጅ ነው? ትንንሽ ድርጅቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የቤት ዕቃ መደብር ገብተው ባለቤቱን «የዌብሳይታችሁ ዶሜይን በማን ስም ነው የተመዘገበው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ልጁ ነው የሚያውቀው» ነው። ልጁ ማለት ዌብሳይቱን የሠራው ነው። የኪራይ ውሉ ካዝና ውስጥ ተቆልፏል፣ ንግድ ፈቃዱ በፍሬም ተሰቅሏል። በቢዝነስ ካርዱ፣ በመኪናው በርና በማሸጊያው ላይ የታተመው የዌብሳይት አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ ግን በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሌሎቹን ራስዎ ያስተካክላሉ፤ ይሄኛው ግን ሰው ያስለምናል።

እንዴት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ዶሜይን የሚሸጡት ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በዶላር ነው፤ የብር ካርዳችን ደግሞ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ወይ ዴቨሎፐሩ በራሱ አካውንት ይገዛዋል፣ ወይ አሜሪካ ያለች የአክስት ልጅ በካርዷ ትከፍላለች። ሰው ቢከፍልልዎ ምንም አይደለም። ጉዱ የሚመጣው ከፋዩ ባለቤት ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ለሻጩ ድርጅት የዶሜይኑ ባለቤት «ሬጅስትራንት» በሚለው ቦታ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ብሩን ከኪሱ ያወጣው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ከዚያ ልጁ ካናዳ ይሄዳል። ስልኩ አይሠራም፣ ቴሌግራሙ «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» ይላል። ወይም በቀሪ ክፍያ ትጣላላችሁ። ተንኮል እንኳ ባይኖርበት፣ ከመቶ ደንበኞቹ መሀል የእርስዎን ዶሜይን ማደስ ትዝ ላይለው ይችላል።

አሁኑኑ ማየት ይቻላል። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን ነጻ መፈለጊያ ገጽ አለው። የዶት ኮም ስምዎን ሲያስገቡ በየትኛው ድርጅት እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደሚያበቃ ያሳይዎታል። የባለቤቱ ስም ግን አሁን አሁን አብዛኛውን ጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ እርግጡ የሚታወቀው አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ነው። መግባት ካልቻሉ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ልጁ እስካለና እስከተስማማችሁ ድረስ ማስተካከሉ ቀላል ነው። እዚያው ድርጅት ላይ በራስዎ ስም አካውንት ይክፈቱና እንዲህ ይጻፉለት፦ «ሰላም ወንድም፣ እንዴት ነህ? ዶሜይኑን ወደ ድርጅቱ አካውንት ብታዛውርልን። የሬጅስትራንቱንም ስም ወደ እኛ ቀይርልን። ዌብሳይቱን መያዝህን አንተው ትቀጥላለህ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ታስፈልጋለች። ብዙዎቹ የሚያንገራግሩት ሥራው ተነጠቀብኝ ብለው ነው።

ወደ ሌላ ድርጅት ማውጣት ከፈለጉ የማዛወሪያ ኮድ ያስፈልጋል። የተመዘገበው ባለቤት ኮዱን ከጠየቀ ሻጩ ድርጅት በ5 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተመዘገበው ባለቤት ነው ያልኩት፣ ልብ ይበሉ። አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ዶሜይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ይቆለፋል። ስለዚህ ጠብ እስኪመጣ አይጠብቁ። ይህ ሁሉ የዶት ኮምና የመሰሎቹ ደንብ ነው። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ አሠራሩን እዚያው ይጠይቁ።

አካውንቱን በዶሜይኑ በራሱ ኢሜይል መክፈት

በድርጅቱ ስም የተሠራው ኢሜይል ያምራል፣ ስለዚህ የዶሜይኑ አካውንትም በሱ ይከፈታል። አሁን ዶሜይኑ ጊዜው አለፈ እንበል። ኢሜይሉ አብሮ ይሞታል። «አድሱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክ፣ ሁሉም የሚላከው ወደሞተው ሳጥን ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው። ለዚህ አካውንት ብቻ የሚሆን የጂሜይል አድራሻ ይክፈቱ። ለማንም አይስጡ፣ ቢዝነስ ካርድ ላይም አይጻፉት።

ስልክ ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ሲም ሥራ ከለቀቀችው ጸሐፊ ጋር ከሄደ፣ አካውንቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው። በኤስኤምኤስ ፋንታ የኦተንቲኬተር አፕ ይጠቀሙ፤ የማረጋገጫ ኮዱን ስልክዎ ላይ ራሱ የሚያወጣ አፕ ነው። ሲያበሩት የሚሰጥዎትን መጠባበቂያ ኮድ አትመው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ያስቀምጡ። ዶሜይኑ ያለ ፈቃድዎ ወደ ሌላ ድርጅት እንዳይወጣ የሚያግደው የዝውውር መቆለፊያም እንደበራ አካውንቱ ውስጥ ይዩ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ዶት ኮም ሲገዙ ኢሜይልዎን እንዲያረጋግጡ ሊንክ ይላክልዎታል። በ15 ቀን ውስጥ ካልነኩት ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል። ከፍለው፣ ሁሉን አሟልተው፣ ዌብሳይቱ ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ ስፓም ውስጥ ይፈልጉ።

የማደሻውን ቀን በልብ መያዝ

የእኛ ሰው እዚህ ጋ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው፤ የቀን መቁጠሪያው። አካውንቱ ላይ «ሴፕቴምበር 5» የሚለውን አንዱ አይቶ «መስከረም 5» ብሎ ይመዘግባል። ሴፕቴምበር 5 ግን ነሐሴ 30 ነው። እሱ ለመስከረም 5 ሲዘጋጅ ዶሜይኑ ካለቀ አሥር ቀን አልፎታል ማለት ነው፣ ያውም በአዲስ ዓመት ገበያ መሀል።

«ኦቶ ሪኒው (በራሱ ማደሻውን) አብርቻለሁ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ካርዱ ጊዜው ካለፈ ወይም የአክስት ልጅ ካርዷን ከቀየረች ምንም አይታደስም። እኔ የምመክረው ዶላር በተገኘ ጊዜ ለብዙ ዓመት መክፈልን ነው። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ ይፈቅዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በፊት ለአምስት ዓመት የከፈለ ሰው ዛሬ እየሳቀ ነው።

ቀኑ ቢያልፍስ? ወዲያው አያልቅለትም። ብዙ ሻጮች እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ያድሱልዎታል፤ ይሄ ግን ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ ለጨረታ የሚያወጡም አሉ። ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚጠየቀው ቅጣት ከበድ ይላል። ቀጥሎ ማንም የማይነካው 5 ቀን። ከዚያ ስሙ ለቀደመ ነው፤ የሚቀድሙት ደግሞ እንቅልፍ የሌላቸው ፕሮግራሞች ናቸው።

የገዛው ሰው የቁማር ገጽ ሊጭንበት ይችላል። ያ ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ኢሜይሉ ነው። አዲሱ ባለቤት ለእርስዎ የሚላኩትን ደብዳቤዎች መቀበል ይችላል። ለደንበኛዎ በእርስዎ አድራሻ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ መጻፍም ይችላል።

ይሄ የትንሽ ድርጅት ጣጣ ብቻ እንዳይመስልዎ። በዲሴምበር 1999 ማይክሮሶፍት የሆትሜይል መግቢያ የሚያልፍበትን የፓስፖርት ዶት ኮም ክፍያ ረሳ። በገና ሰሞን ሰዎች ኢሜይላቸው አልከፍት አለ። 35 ዶላሩን ከኪሱ የከፈለው ማይክል ቼኒ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር።

በአንድ ዶላር ማስታወቂያ መጎምጀት

የዶት ኮምን መዝገብ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ቬሪሳይን ለአንድ ዶት ኮም ከሻጮች የሚቀበለው የጅምላ ዋጋ በ2024 ወደ 10.26 ዶላር ከፍ ብሏል። እና በ1 ዶላር የሚሸጥልዎ ሰው ምን ነክቶት ነው? በሁለተኛው ዓመት ይመልሰዋል። የማደሻውን ዋጋ አይተው ይግዙ።

በስልክ ሊነገር የማይችል ስም

«ፀሐይ»ን አንዱ በቲና ኤስ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። «ቀ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋል። ደንበኛው ከሬዲዮ የሰማውን ስም በመጀመሪያ ሙከራው ካልጻፈው ሌላ ቦታ ይደርሳል። ስሙን ለሦስት አራት ሰው በስልክ ነግረው እንዲጽፉት ያድርጉ። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ከመጣ ሁለቱንም ገዝተው አንዱን ወደ ሌላው ያዙሩት። ከዚያ በላይ መግዛት ለሻጩ መሥራት ነው።

ለመጣ ደብዳቤ ሁሉ መክፈል

«ዶሜይንዎ ሊያልቅ ነው፣ በዚህ ሊንክ ይክፈሉ» የሚል ካልገዙበት ድርጅት ከመጣ ይሰርዙት። ሌላው የታወቀ ዘዴ ከቻይና ነው የሚመጣው፤ «አንድ ኩባንያ ስምዎን በዶት ሲኤን (በቻይና ዶሜይን) ሊያስመዘግብ ጠይቆናል፣ ቅድሚያ ለእርስዎ እንስጥ?» ይላል። ኩባንያ የሚባል የለም። መልስ አያስፈልገውም።

የንግድ ስም ካወጣሁ ዶሜይኑም የኔ ነው ማለት

አይደለም። ንግድ ቢሮ የመዘገበው ስም፣ የንግድ ምልክት እና ዶሜይን ሦስት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይጠራውም። ምልክት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል።

ምልክት የሚጠቅመው ሰው ስምዎን ቀድሞ ሲይዝብዎ ነው። ዶት ኮምን በተመለከተ ከፍርድ ቤት ውጭ የሚታይ ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት አለ። ከዳኞቹ ተቋማት አንዱ፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአንድ ዳኛ ለሚታይ ክስ 1,500 ዶላር ያስከፍላል። ስሙ ከምልክትዎ ጋር መመሳሰሉን፣ ሰውዬው ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለውና በክፉ ልብ መዝግቦ እየተጠቀመበት መሆኑን ማስረዳት አለብዎ። ስሙ «አዲስ» ወይም «አባይ» ዓይነት ከሆነ ሦስቱንም ማስረዳት ጭንቅ ነው። ገንዘቡን ይዘው ከመሄድዎ በፊት ከሰውዬው ጋር በዋጋ መነጋገር ሊረክስዎ ይችላል፤ ድርድሩን ግን ድርጅቱን በማያሳብቅ ኢሜይል ይጀምሩት።