የአቼቶ ቃሪያ ለምን ይላሽቃል? ችግርና መፍትሄ

ጠርሙስ ማጠብና ክዳን መቀቀል ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። እዚህ ፍኖተ ሰላም ጾም ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ ወደ እኔ ቤት ይመጣል። የሚመጣውም ያው አንድ ችግር ነው።

ቃሪያው ላሽቋል፣ ውሃው ደፍርሷል፣ ሲከፈት አረፋ ይተፋል

አቼቶው ቀጥኗል። ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ለማቆያ የሚሆን አቼቶ ቢያንስ 5 በመቶ አሲድ ሊኖረው ይገባል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ገበያ ላይ ግን በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጥም አለ። ምንም አልተጻፈበትም። ሻጩ ስንት ውሃ እንደከለሰበት እሱና ፈጣሪው ይወቁት። እኛ ደግሞ ቤት ወስደን እንደገና እንከልሰዋለን።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ጠርሙስ ይዘው መጡ። አንዱን ስከፍተው እንደ ለስላሳ ፍስስ አለና አረፋው እጄ ላይ ወረደ። ቃሪያውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ልጣጩ ተንሸራቶ ቀረ።

«እትዬ፣ ውሃው ስንት ነበር?»

«ምኑን ልቁጠረው ልጄ፣ ጠርሙሱ እስኪሞላ ነዋ!»

እስኪሞላ! አቼቶው ታች እፍኝ የማይሞላ ነበር።

እንዲህ የሆነውን ድፉት። አትቅመሱት። ጠንካራ አቼቶ ጨምሬ አድነዋለሁ ማለት አይሠራም፣ አትሞክሩት። ለሚቀጥለው ግን 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር አቼቶ ላይ ውሃው ከአንድ ሊትር አይብለጥ። እኔ ግማሽ ሊትር ብቻ ነው የማደርገው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ አፍሉ፣ ትኩሱን ጠርሙሱ ውስጥ አፍሱ፣ ሲበርድ ፍሪጅ አስገቡ። «አፍልቼዋለሁና ውጭ ይቀመጥ» የሚል አለ። ከፍ ባለ ቦታ ግን ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መፍላቱ ብቻውን አያስተማምንም።

አቼቶው ጥሩ ሆኖ ቃሪያው ከላይ ይበላሻል

ይህኛው እኔንም አንድ ጊዜ አሞኝቶኛል። ቃሪያ ባዶ ሆድ ነው። ሳይበሳ ከገባ ውስጡ አየር ይዞ ይንሳፈፋል፣ አቼቶው ወደ ፍሬው አይደርስም። አንዱን ከፍዬ ሳየው ውጩ ኮምጥጧል፣ ውስጡ ደረቅ ነው፣ ይሸታል። በቢላ ጫፍ ሁለት ቦታ ብሱት። አቼቶው ሲፈስበት ቡልቅ ቡልቅ ካለ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያም ሁሉም ከአቼቶው በታች ይሁን።

ነጭ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆነ፦ አትደንግጡ፣ ይበላል።

ክዳኑ ዛገ፦ የብረት ክዳን ነው። የላስቲክ ፈልጉ።

ድስቱ ጠቆረ፦ አሉሚኒየም ውስጥ አፍልታችኋል። አቼቶ አሉሚኒየም ይበላል። የማይዝግ ብረት ወይም ቀለሙ ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ድስት ተጠቀሙ። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ!

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያዘ፦ አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ አፍሉት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በአቼቶ መስታወት ይወለወላል፣ እብነ በረድ ግን አይነካም፤ ይበላዋል።

በረኪና ላይ አቼቶ የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሽንት ቤት በር ዘግቶ እንዲህ ማድረግማ የባሰ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ። አንዱን ተጠቅማችሁ ሳታጥቡ ሌላውን አታስከትሉ።

ጠጁ ኮመጠጠ፣ አቼቶ ሆነ ወይ?

የጎጃም ማር ጠጅ አየር ሲያገኝ ወደ አቼቶ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ዝልግልግ ነገር የዚያ ምልክት ነው። አጥልላችሁ ሰላጣ ላይ ጠብ አድርጉት፣ ይጣፍጣል። ቃሪያ ግን አትንከሩበት። አሲዱ ስንት እንደሆነ በምላስ አይለካም።